በማንቸስተር የፖላንድ ተማሪዎች ማኅበርን መምራት፦ የ2024/25 የሥራ ማስታወሻ

ሴፕቴምበር 12

ባለፈው ዓመት ማኅበሩን የመሩት በሙሉ ተመርቀው ሄደዋል። የተረከብነው አንድ ነጭና ቀይ ባንዲራ፣ ሁለት ትልልቅ ድስት፣ የአባላት ስም ዝርዝርና የማይከፈት ኢሜይል ነው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ልጅ ዋርሶ ሥራ ይዟል፤ መልእክት ልከንለት መልሱን እየጠበቅን ነው። የተማሪዎች ዩኒየኑ ማንኛውም ማኅበር ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ እንዲኖረው ያስገድዳል። እኛም ሦስት ነን። ጸሐፊዋ ከቭሮትስዋፍ የመጣች የሕግ ተማሪ ናት፤ ገንዘብ ያዡ እዚሁ ቦልተን ያደገ የሒሳብ ተማሪ ነው፤ ሊቀመንበሯ እኔ ነኝ።

ኢትዮጵያዊት እዚህ ምን ታደርጋለች ለሚል፦ ማስተርሴን የሠራሁት ፖላንድ ነው። የፖላንድ መንግሥት በኢግናሲ ዉካሼቪች ስም የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ኢትዮጵያውያንንም ይቀበላል። ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ቋንቋውን የተማርኩት ዉች ከተማ ባለው፣ ከ1952 ጀምሮ የውጭ ተማሪዎችን ፖላንድኛ ሲያስተምር በኖረው ማዕከል ነው። ለዶክትሬት ማንቸስተር ስመጣ በሁለተኛው ሳምንት ፖላንድኛ ናፈቀኝና ማኅበሩን ፈልጌ አገኘሁት። የዩኒየኑ ደንብ ደግሞ የትኛውም የባህል ማኅበር ለሁሉም ተማሪ ክፍት እንዲሆን ያዝዛል።

ትናንት እንቁጣጣሽ ነበር። ማታ ቤት ቡና አፍልቼ ሦስታችንም የዓመቱን ዕቅድ አወጣን። በስም ዝርዝሩ ላይ ያየነውን ነገር እዚህ ላስፍረው፤ የዘንድሮው ሥራችን በሙሉ የሚያያዘው ከእሱ ጋር ነው። የድሮዎቹ አባላት አብዛኞቹ በቀጥታ ከፖላንድ ለትምህርት የመጡ ነበሩ። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ፣ ከ2021 የትምህርት ዘመን ጀምሮ አዲስ የሚገቡ የአውሮፓ ተማሪዎች እንደ ማንኛውም የውጭ ተማሪ ሙሉውን ክፍያ እንዲከፍሉ ተደረገ፤ ከፖላንድ የሚመጣውም ተማሪ ሳሳ። በአንጻሩ ወላጆቻቸው ፖላንድ በሜይ 1 ቀን 2004 የኅብረቱ አባል ከሆነች በኋላ ወደዚህ የመጡ ልጆች አሁን ዩኒቨርሲቲ እየደረሱ ነው። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ ዋና ቋንቋዬ ፖላንድኛ ነው ያለው ሰው ወደ 612,000 ይጠጋል፤ ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ የሚገኘው እሱ ነው። ልጆቹ እንግዲህ አሉ። ወደ ማኅበሩ ግን አይመጡም። ለምን እንደማይመጡ ማወቅና እንዲመጡ ማድረግ የዓመቱ ሥራችን ነው።

ሴፕቴምበር 18

የአዲስ ተማሪዎች የማኅበራት ትርዒት። የተሰጠን ጠረጴዛ በቼዝ ክለቡና በጀልባ ቀዛፊዎቹ መካከል ነበር። የፖላንድ ከረሜላ አቀረብን፤ ብዙ ሰው እያነሣ ያልፋል። እኔን ያሳሰበኝ ከሩቅ ቆመው ባንዲራውን የሚያዩት ናቸው። አንዷን ልጅ ጠጋ ብዬ በፖላንድኛ ሰላም አልኳት። ፊቷ ቀላና በእንግሊዝኛ «እኔ ጥሩ አድርጌ አልናገርም፤ እናቴ ናት የምትናገረው» አለችኝ። የእኔን ፖላንድኛ ስትሰማ ግን ቀለል አላት። የእኔ የስም እርባታ ገና ይሰናከላል፤ ስም እንደ አገባቡ የሚለዋወጥባቸውን ሰባት መልኮች በትክክል የምጠቀመው ቀስ ብዬ ሳስብ ብቻ ነው። ፈርማ ሄደች።

እንዲህ ያለ ነገር በቀኑ ውስጥ ደጋግሞ ገጠመን። ማታ ከገንዘብ ያዡ ጋር ተነጋገርን። እሱ ራሱ የመጀመሪያ ዓመት ላይ ሳለ አንድ ዝግጅት መጥቶ፣ ሲናገር ስለታረመ ዓመቱን ሙሉ ሳይመለስ ቀርቷል። ሰው ማኅበሩን የሚሸሸው አገሩን ስላልወደደ አይደለም፤ በአነጋገሩ የሚመዘን ስለሚመስለው ነው።

ኦክቶበር 3

የመጀመሪያው ስብሰባ። ሦስት ነገር ወሰንን። ማስታወቂያ ሁሉ በሁለቱም ቋንቋ ይወጣል። ቃለ ጉባኤው በእንግሊዝኛ ይያዛል። ሐሙስ ማታ የፖላንድኛ ገበታ ይኖራል፤ በዚያ ገበታ ላይ ማንም ሳይጠየቅ ሌላውን አያርምም። የመጨረሻው ላይ ክርክር ተነሣ። ከክራኮቭ የመጣ አንድ ልጅ «ካልታረመ እንዴት ይማራል?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ዉች ሳለሁ ከመምህራኖቼ ይልቅ የተማርኩት ከመኝታ ቤቱ ዘበኛ ነበር፤ ሰውዬው ሥራ አጥቶ ሳይሆን ደስ እያለው ስሳሳት ጭምር ሲያወራኝ ያመሽ ነበር። ይህን ነገርኳቸው። ደንቡ በድምፅ ብልጫ አለፈ።

ኢሜይሉ ተከፍቷል። የይለፍ ቃሉ አሁን በዩኒየኑ ቢሮ በታሸገ ፖስታ ተቀምጧል።

ኦክቶበር 19

ዛሬ ሙሉ ቀን ወጥ ቤት ነበርን።

ለማብሰል ፈቃድ ማግኘቱ ራሱ ሥራ ነው። የምግብ ንጽሕና ሥልጠና የወሰደ ሰው ያስፈልጋል፤ ጸሐፊዋ በኢንተርኔት ወስዳ ፈተናውን አልፋለች። እዚህ አገር ሕጉ 14 የአለርጂ ምክንያት የሆኑ ነገሮችን ዘርዝሯል፤ ስንዴ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ እያለ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ሳህን ፊት የትኛው እንዳለበት ጽፈን እናስቀምጣለን። የአደጋ መከላከያ ቅጹን ከሁለት ሳምንት በፊት አስገብተን ነበር።

ያስተማሩን ሞስ ሳይድ ካለው የፖላንዶች ደብር የመጡ አንዲት አረጋዊት ናቸው። እኛ «ፓኒ» እያልን ነው የምንጠራቸው፤ «ወይዘሮ» እንደማለት ነው። ፒየሮጊ ሊሠሩ ነው የመጡት። ዱቄት፣ ትኩስ ውሃ፣ ጨውና ጥቂት ዘይት። በትኩስ ውሃ የተቦካ ሊጥ ስለሚለሰልስ ሲዳመጥ አይሰበሰብም። ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። ከዚያ በስሱ ተዳምጦ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ ተደርጎ ይቆረጣል። ውስጡ የሚገባው የተቀቀለ ድንች፣ በዘይት የበሰለ ሽንኩርትና ትቫሩግ ነው፤ ትቫሩግ ማለት ከእኛ አይብ ጋር በጣም የሚቀራረብ፣ ትንሽ የሚጎመዝዝ ነገር ነው። ጠርዙ በጣት ቆንጠጥ ቆንጠጥ ተደርጎ ይዘጋል። ዱቄት ወይም ድንች ጠርዙ ላይ ከቀረ ውሃ ውስጥ ይከፈታልና እዚህ ላይ መጠንቀቅ ነው። ጨው በገባበት የፈላ ውሃ ውስጥ ይጨመርና ከተንሳፈፈ በኋላ ጥቂት ቆይቶ ይወጣል።

ፓኒ እንግሊዝኛ አሳምረው ይችላሉ። ወጥ ቤት ውስጥ ግን በፖላንድኛ ብቻ ነው ያዘዙን፦ «አምጪ»፣ «ዳምጠው»፣ «ቀጭን አድርጊው»፣ «ተወው ይረፍ»። በትርዒቱ ቀን ፊቷ የቀላው ልጅ ከጎናቸው ቆማ ነበር። እጇ ሊጥ ውስጥ እንዳለ ትመልስላቸው ጀመር። ማንም ትኩረት አላደረገባትም፤ ሁሉም የራሱን ይቆነጥጣል። እኔ ይህን ሳይ የሐሙሱ ገበታ ለምን እንደሚከብድ ገባኝ። እዚያ ሰው የሚመጣው ለመናገር ነው፤ እዚህ የሚመጣው ሊጥ ለመዳመጥ ነው፤ ንግግሩ ከሥራው ጋር አብሮ ይመጣል። በወር አንዴ ወጥ ቤት እንዲኖረን ለዩኒየኑ ማመልከቻ እያዘጋጀሁ ነው።

ምግቡን ስንበላ የት እንደተወለዱ ጠየቅኳቸው። «ቴንጌሩ» አሉኝ። ታንዛንያ፣ አሩሻ አጠገብ።

ቤተሰባቸው የፖላንድ ምሥራቃዊ ክፍል ሰዎች ነበሩ። በ1940 ሶቪየቶች ወደ ሳይቤሪያ አጋዟቸው። ጀርመን በ1941 ሶቪየትን ስትወር እስረኞቹ ተለቀቁ። ከተለቀቁት ፖላንዶች ከተቋቋመው ከጄኔራል አንደርስ ጦር ጋር በ1942 በካስፒያን ባሕር ወደ ኢራን ወጡ። ወንዶቹ ወደ ጦርነቱ ሲቀጥሉ ሴቶችና ሕፃናት ወደ ሕንድና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተላኩ። ቴንጌሩ ወደ 5,000 ሰው ይኖርበት ነበር፤ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ እርሻ ነበረው። ፓኒ እዚያ ተወልደው በ1948 ከእናታቸው ጋር እንግሊዝ ገቡ። ብሪታንያ በ1947 ያወጣችው የፖላንዶች መልሶ ማቋቋሚያ ሕግ ነው በሩን የከፈተላቸው። መጀመሪያ ያረፉት ጦሩ በለቀቀው ሰፈር፣ ግማሽ ክብ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። «እናቴ እዚያም ይህን ትሠራ ነበር» አሉ ሳህኑን እያመለከቱ። እሳቸው እንደ እኔ ምሥራቅ አፍሪካ ተወልደዋል፤ እኔ ደግሞ የእሳቸውን ቋንቋ አገራቸው ሄጄ ተምሬያለሁ። ሁለታችንም በዚህ ለረጅም ጊዜ ተደሰትን።

ኖቬምበር 2

የፖላንድ ወታደሮች መቃብር ያለባት የእንግሊዝ ከተማ፣ ኒዋርክ ደርሰን መጣን። ሚኒባሱን የዩኒየኑን የመንዳት ፈተና ያለፈ አባል ነዳ። በዚህ ሰሞን ፖላንዶች የሙታኖቻቸውን መቃብር ይጎበኛሉ፤ ኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ፣ ኖቬምበር 2 የሙታን መታሰቢያ ነው። በብርጭቆ ውስጥ የተቀመጠ፣ ንፋስ የማያጠፋው የመቃብር ሻማ ከፖላንድ ሱቅ ገዝተን ሄድን። እዚያ የተቀበሩት አብዛኞቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአካባቢው ካሉ ማረፊያዎች ይነሡ የነበሩ የፖላንድ አየር ኃይል ሰዎች ናቸው። የስደት መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጄኔራል ሺኮርስኪ በጁላይ 1943 ጂብራልታር ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተው እዚህ ተቀብረው ነበር። አስከሬናቸው ክራኮቭ፣ ቫቬል ካቴድራል የገባው በ1993 ነው። ሦስት የስደት ፕሬዚዳንቶችም እንዲሁ በ2022 ከዚህ ተነሥተው ዋርሶ አርፈዋል።

የብዙዎቹ ዕድሜ ከእኛ ጋር እኩል ነው። አባላቱ ስም እያነበቡ ሻማ አበሩ። ስም ማንበብ ለሁሉም ይቻላል፤ እርባታ አይጠይቅም። ዝናብ መጣና ቶሎ ተመለስን።

ኖቬምበር 11

የነጻነት ቀን። ፖላንድ ለ123 ዓመት በሩሲያ፣ በፕሩሲያና በኦስትሪያ ተከፋፍላ ከካርታ ጠፍታ በ1918 በዚህ ቀን ተመለሰች። እንግሊዞችም በ11 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት) ለጦርነቱ ሙታን ዝም ብለው ይቆማሉና እኛ ከእነሱ ጋር ቆመን ማታ የራሳችንን አደረግን። አጭር ዝግጅት ነበር፤ መዝሙርና ሻይ።

ኖቬምበር 25

ቅሬታ መጣ። ከፖላንድ የመጡ አራት አባላት ማኅበሩ እንግሊዛዊ እየሆነ ነው ብለው ጻፉ። ሳምንቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ ሲማሩ ውለው፣ የራሳቸው የሚሉት አንድ ምሽት ነበር፤ አሁን እሱም ሁለት ቋንቋ ሆነባቸው። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዉች ሳለሁ አማርኛ ተናጋሪ ስናገኝ ምን ያህል እንደምናርፍ አስታውሳለሁና አልፈርድባቸውም። ከጸሐፊዋ ጋር ተማክረን በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ያለ እንግሊዝኛ የንባብና የፊልም ምሽት እንዲያዘጋጁ እነሱኑ ጠየቅናቸው። ኃላፊነቱን ተቀበሉ። ሁሉንም በአንድ ምሽት ማስደሰት አይቻልም፤ ሁለት በር ያስፈልጋል።

ኖቬምበር 29

አንድዤይኪ፣ የቅዱስ እንድርያስ ዋዜማ። በቁልፍ ቀዳዳ የቀለጠ ሰም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይፈስሳል፤ የደረቀው ቅርጽ በብርሃን ፊት ይያዝና ግድግዳ ላይ የሚወድቀው ጥላ እንደ ዕጣ ይነበባል። ክፍት እሳት ስላልተፈቀደልን ሰሙን በኤሌክትሪክ ምድጃ አቀለጥን። ጥሩ ምሽት ነበር። ብዙ ሥራ አልነበረውም።

ዲሴምበር 6

ቪጊሊያ፣ የገና ዋዜማ ራት። እውነተኛው ዲሴምበር 24 ማታ ነው፤ ተማሪው ወደየቤቱ ስለሚበተን እኛ ቀደም አድርገን እንሠራለን።

ሥጋ የሌለበት ገበታ ነው፤ 12 ዓይነት ምግብ ይቀርባል። ለየቡድኑ ደለደልን። የቀይ ሥር ሾርባ ባርሽች፣ በእንጉዳይ የተሞላ ትንንሽ ኡሽካ፣ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ከአተር ጋር፣ ሄሪንግ ዓሣ፣ በስንዴ በፖፒ ዘርና በማር የሚሠራ ኩትያ፣ ከደረቀ ፍራፍሬ የተቀቀለ ኮምፖት። ውዱ የደረቀ እንጉዳይ ነው፤ ከዩኒየኑ ድጎማ ትልቁን ድርሻ የወሰደው እሱ ነው፤ በርካሽ መተካት አይገባም፣ ሾርባው ጣዕሙን የሚያገኘው ከእሱ ነውና። እኔ የነቢያት ጾም ላይ ስለሆንኩ ዓሣውንና ቅቤ የነካውን ትቼ ባርሽቹንና የጎመን ፒየሮጊውን በላሁ። የጾም ምግብ ለይቶ ማስቀመጥን ማንም ማብራሪያ አልጠየቀኝም። እዚያ ገበታ ላይ ጾም እንግዳ ነገር አይደለም።

ከገበታ ልብሱ ሥር ደረቅ ሣር አነጠፍን። ለማይታወቅ እንግዳ አንድ ወንበርና ሳህን ባዶውን ቀረ። ከዚያ ኦፕዋቴክ፤ ከደብሩ የመጣ ስስ ነጭ ቂጣ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይዞ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ከሌላው ቆርሶ ይወስዳል፤ መልካም ይመኝለታል። ይህ ክፍል ጊዜ ይፈጃል፣ ማሳጠርም አይገባም። ደብዳቤውን ከጻፉት አንዱ ወደ ገንዘብ ያዡ ሄዶ ለረጅም ጊዜ አወሩ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ በየትኛው ቋንቋ እንደነበር ግን ሰማሁ፤ ፖላንድኛ ነበር፤ ገንዘብ ያዡ ሳይፈራ ይመልስ ነበር።

ጃንዋሪ 26

የፖላንድ ታላቁ የገና በጎ አድራጎት ኦርኬስትራ 33ኛ ማጠቃለያ ቀን። ከ1993 ጀምሮ በየዓመቱ በጃንዋሪ ለሆስፒታል መሣሪያ ገንዘብ ይሰበስባሉ፤ የሰጠ ሰው ቀይ የልብ ተለጣፊ ደረቱ ላይ ይለጥፋል። የዘንድሮው ለሕፃናት ካንሰርና የደም ሕክምና ነው። ከተማው ውስጥ ካሉት አስተባባሪዎች ጋር በጎ ፈቃደኛ ሰጠን። ፈቃድ የተሰጠውና ቁጥር ያለው የገንዘብ መሰብሰቢያ ቆርቆሮ ብቻ ነው የሚያዘው፤ ማኅበሩ የራሱን ቆርቆሮ እንዳያወጣ ለሁሉም አስረግጠን ነግረናል።

ፌብሩዋሪ 27

ወፍራሙ ሐሙስ። ከዐቢይ ጾማቸው በፊት ያለው የመጨረሻው ሐሙስ ነው፤ ፖላንድ ውስጥ ዳቦ ቤቶች ፊት ከንጋት ጀምሮ ሰልፍ አለ። ፖንችኪ በጽጌረዳ ማርማላታ የተሞላ፣ በስብ የተጠበሰ ክብ ብስኩት ነው። ራሳችን ልንጠብስ አስበን ነበር፤ ብዙ የጋለ ዘይት በተማሪዎች ወጥ ቤት አይፈቀድም። ከፖላንድ ዳቦ ቤት አዘን በዋናው ሕንፃ በር ላይ ሸጥን። ከቀትር በፊት አለቀ። የእኛ ዐቢይ ጾም ሰኞ ስለገባ እኔ ሂሳብ ተቀባይ ሆንኩ።

ማርች 13

ዓመቱን ሙሉ የጓጓሁለት ምሽት፤ ስለ ፕሮፌሰር ስቴፋን ስትሬልሲን።

እሳቸው በ1918 ዋርሶ ተወለዱ። ዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኢትዮጵያን ጥናት አቋቋሙ፤ እዚያ እስከ ዛሬ አማርኛ ይሰጣል። አይሁዳዊ ነበሩ። በ1968 የፖላንድ መንግሥት በከፈተው ፀረ አይሁድ ዘመቻ ከ13,000 በላይ ሰው አገሩን ለቆ ወጣ፤ እሳቸውም ከሄዱት ናቸው። ብሪታንያ ገቡ፤ በኋላም እዚሁ ማንቸስተር አስተማሩ። ዲንስጌት መንገድ ላይ ያለው የጆን ራይላንድስ ቤተ መጻሕፍት የያዛቸውን የግዕዝ ብራናዎች ካታሎግ በ1974 ያወጡት እሳቸው ናቸው። በ1981 አረፉ።

ከኮሚቴው አንዱ «በባህል ምሽት 1968ን ማንሣት ሰውን አያስከፋም?» አለ። እኔ ግን ሰውየውን አንሥቶ እንዴት እዚህ እንደደረሱ መዝለል አይቻልም አልኩ። የውጭ ተናጋሪ ቅጹ ቀድሞ መግባት አለበት፤ ገባ። የታሪክ ዶክትሬት ተማሪ የሆነች አባል ስለ ዘመቻው ተናገረች፤ እኔ ስለ ብራናዎቹና ስለ ግዕዝ። በከተማው ያሉ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም ተጠርተው መጡ። ጥያቄው ከንግግሩ በላይ ረዘመ። አንድ አባት ልጆቻቸው አማርኛ ይሰማሉ እንጂ እንደማይመልሱ ነገሩኝ። የፖላንድ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ የራሳቸው ትምህርት ቤት አላቸው፤ በፖላንድኛ ቋንቋም የእንግሊዝን የሁለተኛ ደረጃ ፈተና ይወስዳሉ። የአማርኛ ፈተና የለም። ስለ ወጥ ቤቱ ነገርኳቸውና እሳቸውና ባለቤታቸው በሚቀጥለው ወር መጥተው እንዲያዩ ቀጠርን።

ማርች 27

ምርጫ። ለሊቀመንበርነት ሁለት ሰው ተወዳደረ። ያሸነፈችው በትርዒቱ ቀን «ጥሩ አድርጌ አልናገርም» ያለችኝ ልጅ ናት። ንግግሯን በሁለቱም ቋንቋ አደረገች። ማክሰኞን ያቋቋሙት ልጆች አንዱን ለጸሐፊነት አስመርጠዋል። ስድስት የኮሚቴ አባል አለን፤ ሦስት አይደለንም።

ኤፕሪል 12

በማርች የቀጠርናቸው ኢትዮጵያውያን ቤተሰብ የመጡበት የወጥ ቤት ቀን። ፋሲካ ዘንድሮ ለሁላችንም ኤፕሪል 20 ቀን ይውላል፤ ስለዚህ ሁሉም ዝግጅት ላይ ነው። ፓኒ ከቤተሰቡ ልጆች ጋር በገበታው አንድ ጫፍ፣ የልጆቹ እናት ከእኛ አባላት ጋር በሌላው ጫፍ ሆኑ። እናትየዋ አምባሻ አስጋገሩ። ልጆቹን «እሱን አቀብሉኝ፣ ይኼን ያዙልኝ» ይሏቸዋል፤ ልጆቹም ሳያውቁት በአማርኛ ይመልሳሉ። አባትየው በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ከሜይ ጀምሮ በወር አንዴ ለኢትዮጵያውያን ልጆች እንዲህ ያለ ቀን ለማድረግ አዳራሽ እየፈለጉ ነው። የአለርጂ ዝርዝሩንና የአደጋ መከላከያ ቅጹን ናሙና ሰጥቻቸዋለሁ።

ሜይ 3

የ1791 ሕገ መንግሥት መታሰቢያ ቀን፤ ርክክብም ዛሬ ነው። በባንኩ ፈራሚዎች ተቀይረዋል። የርክክብ ሰነዱ ውስጥ ያስገባነው፦ የደረቀ እንጉዳይ ከየት እንደሚገዛ፣ የሚኒባስ ፈተና ማን እንዳለፈ፣ የቅጾቹ ቀነ ገደብ፣ የፓኒ ስልክ በፈቃዳቸው፣ የሐሙሱ ደንብ ለምን እንደወጣ፣ የቅሬታው ደብዳቤና የተሰጠው መልስ በሙሉ። ለኦክቶበር ወጥ ቤቱ ተይዟል። የቀረው አንደኛውን ድስት መተካት ነው፤ ታቹ ሰንጥቋል። አዲሷ ሊቀመንበር ሰኞ ልትገዛ ነው።